ክላስ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትጨርሱበትን ዩኒቨርሲቲ ምረጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ከርማችኋል? ጋዜጣችሁን ከሐበሻ ሱቅ በር ላይ አንስቼ ማንበብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ለእሷ ብቻ ነግሬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጅቷ ዘንድሮ ሃይስኩል ጨርሳለች። ቢዝነስ መማር ትፈልጋለች። ወጪ ለመቀነስ ብላ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ክፍያው አነስ ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተምራ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ልታደርግ፣ ማለትም ልትዛወር ወስናለች። ጥሩ ውሳኔ ነው። እኔም ያለፍኩት በዚሁ መንገድ ነው። ባለፈው እሁድ እነሱ ቤት ቡና እየተፈላ ላፕቶፗን ከፈተችና የተመዘገበችባቸውን አምስት ክላሶች አሳየችኝ። ሁለቱን ሳይ ደነገጥኩ። እኔ ድሮ ከፍዬ፣ እንቅልፌን አጥቼ፣ ኤ አምጥቼባቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለምንም ያልጠቀሙኝ ዓይነት ክላሶች ናቸው።

«ማን ነው ምረጪ ያለሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቢዝነስ የሚል ስም ያላቸውን ነው የመረጥኩት» አለችኝ።

አልፈርድባትም። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

እዚህ አሜሪካ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2007 በዲቪ ነው። በዓመቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባሁ። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ ቀን ክላስ፣ ማታ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማጥናት ነው። ስመዘገብ ያነጋገረኝ አድቫይዘር፣ የኮሌጁ አማካሪ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሰጠኝም። ቢዝነስ አልኩት፤ ቢዝነስ ማኔጅመንት የሚል ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ዩኒቨርሲቲ ልገባ እንደማስብ አልጠየቀኝም፣ እኔም መናገር እንዳለብኝ አላወቅኩም። በዚያ ወረቀት መሠረት 48 ክሬዲት ወሰድኩ፤ ክሬዲት የትምህርቱ መለኪያ ነው፣ አንድ ክላስ አብዛኛውን ጊዜ 3 ይይዛል። ሁሉንም አልፌያለሁ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝና ደስ ብሎኝ ትራንስክሪፕቴ፣ ማለትም የውጤት ማስረጃዬ፣ ተገምግሞ እስኪመጣ ጠበቅኩ።

ወረቀቱ ሲመጣ ከ48ቱ 9ኙን አልተቀበሉም። 39ኙን ተቀብለዋል። እሰየው ብዬ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ከ39ኙ ውስጥ የ15ቱ ትይዩ ላይ «ጄኔራል ኢሌክቲቭ» የሚል ተጽፏል። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ተቀብለናቸዋል፤ ለምትማረው ዲግሪ ግን አይቆጠሩልህም ማለት ነበር። ለዲግሪዬ የዋሉት 24 ብቻ ነበሩ። ግማሹ ማለት ነው። ስምንት ክላስ እንደገና! ለማታ ሠራተኛ ስምንት ክላስ ሦስት ሴሚስተር ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ለአንባቢዎቻችሁ ከሁሉ አስበልጬ ማስረዳት የምፈልገው ይህንን ነው፤ «ክሬዲቱ ያልፋል» ማለትና «ክሬዲቱ ለዲግሪው ይቆጠራል» ማለት ለየቅል ናቸው። የባችለር ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ቦታ ቦታ አለው። ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸው አጠቃላይ ትምህርቶች አሉ፣ የቢዝነስ መሠረታዊ ክላሶች አሉ፣ የሜጀሩ፣ ማለትም የዋናው ትምህርት ዘርፍ፣ ክላሶች አሉ፣ በመጨረሻ የፈለጉትን የሚወስዱበት ትንሽ ክፍት ቦታ አለ። ቢዝነስ ላይ ይህ ክፍት ቦታ ጠባብ ነው። አገር ቤት ስንሄድ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድልን የለ? ሦስተኛ ይዞ የመጣ ሰው ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም የሚመለስበት፤ ቦታው ስላለቀ ነው። ክሬዲቱም እንደዚያው ነው። ኮሌጁ «አዎ፣ ይህ ክላስ ትራንስፈር ይሆናል» ሲላችሁ ውሸት አልነገራችሁም። ጥያቄው ነው የጎደለው። «ይሄ ክላስ እዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚያ ሜጀር፣ በየትኛው ክላስ ፈንታ ነው የሚቆጠረው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ኢሌክቲቭ» ከሆነ ደግማችሁ አስቡበት።

እኔ ብቻዬን የተጎዳሁ መስሎኝ ለዓመታት አፍሬ ዝም ብዬ ነበር። የኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት የሆነው ጋኦ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ግን ከ2004 እስከ 2009 ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ ከመቶ 43 የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። በ2024 የወጣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጥናት ማዕከልና የአጋሮቹ ሪፖርት ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጀመሩት ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ትራንስፈር እንደሚያደርጉ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለር የሚይዙት ግን ከመቶ 16 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይናገራል። አብዛኞቹ ሲገቡ ግን ሐሳባቸው ባችለር መያዝ ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ሰነፍ ነው? አይደለም። መንገዱን ያሳየው ሰው ስላጣ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። ለእህቴ ልጅ ያልኳት መጀመሪያ የምትጨርሺበትን ዩኒቨርሲቲ ምረጪ ነው። አንድ ካልሆነ ሁለት ወይም ሦስት። ከዚያ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ትራንስፈር ከሚያደርግ ተማሪ ምን ምን ክላስ እንደሚፈልግ ድረ ገጹ ላይ ፈልጊ። ከዚያ በኋላ ነው የኮሌጁን ክላስ ዝርዝር የምትከፍቺው። እኛ ሁላችንም በተቃራኒው ነው የምናደርገው። መጀመሪያ የሚመች ሰዓት ያለው ክላስ እንመርጣለን፣ ከዚያ የሚቀበለን ዩኒቨርሲቲ እንፈልጋለን።

ሌላው ትልቁ ወጥመድ የዲግሪው ስም ነው። አሶሼት ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ኤ.ኤ እና ኤ.ኤስ የሚባሉት በአብዛኛው ለትራንስፈር የተዘጋጁ ናቸው። ኤ.ኤ.ኤስ የሚባለው፣ «አፕላይድ» የሚል ቃል የገባበት፣ ተምሮ ቶሎ ሥራ ለመያዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ለዚያ ዓላማ በጣም ጥሩ ነው፤ በእሱ ሥራ ይዘው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ለሚያስብ ሰው ግን አብዛኛው የቢዝነስ ክላሱ ላይቆጠርለት ይችላል። ሁሉም ላይ «ቢዝነስ» የሚል ስም አለ፤ ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ የትንሽ ቢዝነስ አስተዳደር እየተባለ። ስሙን ተዉትና ፊደሎቹን እዩ። እኔ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ኤ.ኤ.ኤስ የሚል በትንሹ ተጽፎ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምን ይወሰድ? ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ግን ብዙ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚስማሙባቸው አሉ። ሁለት አካውንቲንግ፣ ማለትም ፋይናንሻልና ማኔጂሪያል። ሁለት ኢኮኖሚክስ፣ ማይክሮና ማክሮ። ስታቲስቲክስ። ካልኩለስ፣ ብዙ ቦታ ለቢዝነስ ተማሪ የተዘጋጀው ይበቃል፤ አንዳንዱ ግን ዋናውን ነው የሚጠይቀው። እንግሊዝኛ ድርሰት፣ ስፒች። ከዚያ አጠቃላይ ትምህርቶቹ። ማርኬቲንግ፣ ፋይናንስ፣ ሂዩማን ሪሶርስ የመሳሰሉት ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ክላሶች ናቸው። ኮሌጅ ውስጥ በመጀመሪያና ሁለተኛ ዓመት ደረጃ የወሰዳችሁትን በእነሱ ፈንታ ላይቆጥሩላችሁ ይችላሉ። የእህቴ ልጅ ከመረጠቻቸው ካስደነገጡኝ ሁለት ክላሶች አንዱ ይሄ ነበር፣ ማርኬቲንግ። ልጅ ስትሆኚ ደስ የሚልሽ ክላስ ነው፣ ይገባኛል። ግን ቆይቶ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ይወሰዳል።

ሒሳብን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ካልኩለስ ዝም ብሎ አይወሰድም። የሒሳብ ደረጃችሁን በሚለየው በፕሌስመንት ፈተናው አልጀብራ ላይ ከተመደባችሁ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ ምናልባት ፕሪካልኩለስ፣ ከዚያ ነው ካልኩለስ። አንዱን ሳታልፉ ሌላውን መመዝገብ አይቻልም። ይህ ማለት እስከ ሦስት ሴሚስተር በተከታታይ ሒሳብ ነው። እኛ ሒሳብ እናውቃለን፣ አገር ቤት ጎበዞች ነበርን፣ ግን እዚህ ስንመጣ «ቆይ እንግሊዝኛዬ ይጠንክርልኝ፣ ሒሳቡን ወደ መጨረሻ እወስደዋለሁ» እንላለን። መጨረሻ ላይ ሌላው ሁሉ አልቆ ሒሳብ ብቻ ይቀርና አንድ ዓመት ሙሉ እሱን ይዞ መቀመጥ ይመጣል። አብሮኝ ፓርኪንግ ይሠራ የነበረ ልጅ እንደዚህ ሆኖ ነው የተወው። አሁን ትራክ ይነዳል፤ ሥራው ደህና ነው፣ ዲግሪው ግን አሁንም ይቆጨዋል። ሲገናኝ ሁልጊዜ ያነሳዋል። ሒሳብ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይጀመር። ፕሌስመንት ፈተናውም ተጠንቶበት ይገባ፤ ሁለት ሳምንት የዩቱብ ክለሳ ሙሉ ሴሚስተር ሊያድን ይችላል።

ዩኒቨርሲቲ መግባትና ቢዝነስ ትምህርት ቤት መግባትም አንድ አይደሉም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስሚዝ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ቦታው ውስን ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለ ማለት ስሚዝ ተቀበለ ማለት አይደለም። ሲያትል ያላችሁ ወገኖች ስለ ፎስተር፣ ስለ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ ታውቃላችሁ፤ ፉክክሩ ከባድ ነው። እንደዚህ ዓይነት ቦታ የሚጠየቁትን ክላሶች መጨረስ ብቻ አይበቃም፣ ውጤቱም ይታያል። ሲ ይበቃኛል ብሎ አካውንቲንግን በሲ ያለፈ ልጅ በኋላ ሊጸጸት ይችላል። አምስት ክላስ ይዞ ሙሉ ቀን እየሠሩ ሁሉንም በሲ ከማለፍ፣ ሦስት ይዞ በደንብ ማምጣት ይሻላል። ይህን ስል ወላጆች «ታዲያ መቼ ሊጨርስ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። የኔ እናት በስልክ በየሳምንቱ ትጠይቀኝ ነበር፤ መልስ አልነበረኝም።

እዚህ ዲሲ አካባቢ ላለነው ግን መልካም ነገሮችም አሉ፤ ችግሩ ብዙዎቻችን አለማወቃችን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ተማሪው ከመጀመሪያው ሜጀሩን መርጦ፣ ሁለቱም ቦታ የሚቆጠሩ ክላሶች ብቻ ያሉበት ካርታ ይዞ ይሄዳል። ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የኮሌጃችሁን ክላስ ስትመርጡ በዩኒቨርሲቲው በየትኛው ክላስ ፈንታ እንደሚቆጠር ያሳያችኋል። ማታ ሥራ ላይ ሆናችሁ በስልካችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። በ2021 ደግሞ ሜሪላንድ ሕግ አውጥታለች፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ክሬዲት ሲከለክል ምክንያቱን መግለጽ አለበት። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ይሄ ሕግ አልነበረም። ሮክቪል ያለው ሼዲ ግሮቭ ደግሞ የዘጠኝ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራሞች በአንድ ግቢ የሚሰጡበት ነው። የባችለሩን የመጨረሻ ሁለት ዓመት እዚያ መጨረስ ይቻላል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሚኖር፣ ሥራና ልጆች ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላ ስቴት ያላችሁም የራሳችሁ አላችሁ። ዋሽንግተን ስቴት ለቢዝነስ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የትራንስፈር አሶሼት ዲግሪ አለ። ካሊፎርኒያ በ2010 ባወጣችው ሕግ መሠረት ለካል ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሆን የትራንስፈር ዲግሪ አለ፤ ክላሱ የት እንደሚቆጠር የሚያሳየው ድረ ገጽ አሲስት ይባላል። ዩሲ ከሚባሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ደግሞ ስድስቱ መስፈርቱን ላሟላ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ የመግቢያ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ሜጀሩ ግን ለብቻው ይጣራ፤ በርክሊና ዩሲኤልኤ ዋስትናው ውስጥ የሉም። ቴክሳስ ውስጥ 42 ክሬዲት የሆነው ኮር፣ የአጠቃላይ ትምህርቶቹ ጥቅል፣ አንድ ላይ ያልፋል። ሁሉም ጋ የሆነ ነገር አለ። የሚያስፈልገው ስሙን አውቆ መጠየቅ ነው።

ስለ ገንዘብም ልናገር። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ዕርዳታ ለ2024-25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ይህ የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ግን መጠኑ አለው። በዕድሜ ዘመን ከ12 ሙሉ ሴሚስተር ያልበለጠ ነው የሚሰጠው። ለማይቆጠር ክላስ አንድ ሴሚስተር ባጠፋችሁ ቁጥር ከ12ቱ እየተቀነሰ ነው። ሌላም አለ። ዕርዳታው እንዲቀጥል ተማሪው በጊዜው ወደፊት መሄድ አለበት፤ የ60 ክሬዲት ፕሮግራም ከሆነ 90 ክሬዲት ከሞከሩ በኋላ ዕርዳታው ይቆማል። ከመሐል ያቋረጣችሁት፣ ደብልዩ ያገኛችሁበት ክላስም ከሞከራችሁት ይቆጠራል። ብዙ ልጆች ደብልዩ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ስለማይነካ ምንም የማያመጣ ይመስላቸዋል። የዕርዳታው ማመልከቻ፣ ፋፍሳ፣ ደግሞ በየዓመቱ ነው የሚሞላው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሻገሩ የአዲሱን ትምህርት ቤት ኮድ ጨምሩበት። እኔ ረስቼው ሴፕቴምበር ላይ ባዶ አካውንት አግኝቼ ነበር። የመጀመሪያውን ወር በክሬዲት ካርድ ነው የከፈልኩት። ያንን ዕዳ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አገር ቤት ተምራችሁ ለመጣችሁ ትልልቅ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ካላችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። ትራንስክሪፕታችሁን የውጭ አገር ትምህርት የሚገመግመው ደብልዩ.ኢ.ኤስ ወይም እንደሱ የታወቀ ድርጅት ይገምግምላችሁ፤ ግምገማው ክላስ በክላስ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ርካሹ ዓይነት ዲግሪ እንዳላችሁ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ክሬዲት ለማግኘት አይረዳም። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት ማስላክ ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ለመመዝገብ ስታስቡ በዚያው ቀን ጀምሩት። ደግሞ ኮሌጁ ክሬዲት ሰጣችሁ ማለት ዩኒቨርሲቲውም ይሰጣል ማለት አይደለም። ሁሉም ለራሱ ነው የሚወስነው። ሁለቱንም ጠይቁ።

አሁን ወደ ትንሽ ነገር ልመለስ፤ ለኔ ግን ትንሽ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ካልተቀበላቸው 9 ክሬዲቶች አንዱ ስታቲስቲክስ ነበር። በደንብ የተማርኩት ክላስ ነው፣ አስተማሪው ጎበዝ ነበር። ይግባኝ ማለት እንደሚቻል አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነገረችኝ፤ እግዜር ይስጣት፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። «ሲላበሱ አለህ?» አለችኝ፤ የክላሱን ዝርዝር ዕቅድ ማለቷ ነው። ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ መሳቢያ ነበረን፣ የተበላሹ ትኬቶች የምናስቀምጥበት። እዚያ ውስጥ ከትኬቶቹ ሥር አገኘሁት። ቡና ፈሶበታል፣ ጠርዙ ተቀዷል፤ ግን በየሳምንቱ ምን እንደተማርን፣ መጽሐፉ የትኛው እንደሆነ ሁሉ ይነበባል። ኮፒ አድርጌ አስገባሁ። ከአንድ ወር በኋላ 3ቱን ክሬዲት መለሱልኝ። አንድ የተበጫጨቀ ወረቀት አንድ ሙሉ ክላስ አዳነልኝ። ስለዚህ ልጆች፣ የየክላሱን ሲላበስ አትጣሉ። አሁንማ በኮምፒዩተር ነው፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከሚዘጋባችሁ በፊት አውርዳችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ።

የተነገራችሁንም በጽሑፍ ያዙ። አድቫይዘር ይቀያየራል። ዛሬ «አዎ ይቆጠራል» ያላችሁ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያ ላይኖር ይችላል። ካነጋገራችሁት በኋላ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆማችሁ አጭር ኢሜይል ላኩለት። «ዛሬ ይህ ክላስ ለዚህ ዲግሪ ይቆጠራል ብለውኛል፣ በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ቢያረጋግጡልኝ።» በቃ፣ ሁለት መስመር። መልሱን አትሰርዙ። ከዩኒቨርሲቲው የትራንስፈር አድቫይዘር ጋርም ገና ኮሌጅ ሳላችሁ ተገናኙ። አልገባንም ገና ብላችሁ አትፈሩ፤ ሥራቸው ነው።

የማዝንበት አንድ ልማድ አለን። ምክር የምንወስደው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከቡና ነው። «የእገሌ ልጅ እንዲህ አድርጎ ነው የጨረሰው» እንባባላለን። ሰዎቹ በቅንነት ነው የሚመክሩት። ግን የእገሌ ልጅ የጨረሰው ከአምስት ዓመት በፊት ነው፣ ምናልባትም ሌላ ስቴት፣ ሌላ ሜጀር። መስፈርቱ በየዓመቱ ሊቀየር ይችላል። የሰው ዕቅድ እንዳለ ተገልብጦ አይሠራም። ስለ ሜጀርም እንደዚያው ነው። አካውንቲንግ ሥራ አለው እየተባለ የማይወደውን ልጅ ሁሉ እንገፋለን። እኔ አካውንቲንግ ነው የተማርኩት፣ እወደዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ግን ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ለመሆን ብዙ ቦታ 150 ክሬዲት ሲጠየቅ እንደቆየ፣ ማለትም ከባችለር በላይ 30 መጨመር እንዳለበት፣ ለልጁ ከመጀመሪያው የሚነግረው ሰው የለም። ይነገረውና ራሱ ይወስን።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ኦገስት ላይ፣ ምዝገባው ሳያልቅ፣ ለዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። ትራንስፈር አድርገው የጨረሱ ልጆችን አነጋግሩ። ከየኮሌጁ የትራንስፈር ቢሮ ሰው ጠይቁ። የየስቴቱን ድረ ገጽ ስም በአማርኛ ጽፋችሁ፣ ወላጁ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ጭምር አውጡ፤ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አባት ገጹን ቆርጠው ፍሪጅ ላይ እንዲለጥፉት። ልጁ ክላስ ሲመርጥ «ይሄ በየትኛው ክላስ ፈንታ ነው የሚቆጠረው?» ብለው ቢጠይቁ ለእኔ ይበቃኛል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ፣ አንዷ ከሜሰን አንዱ ከሼዲ ግሮቭ የጨረሱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ተቀምጠን የልጆችን ዕቅድ ለማየት ዝግጁ ነን። ቦታ ካገናኛችሁን እንመጣለን። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ።

የእህቴ ልጅ ሐሙስ ማታ ሁለቱን ክላሶች ቀየረች። በምትካቸው ፕሪካልኩለስና ማይክሮኢኮኖሚክስ ገብተዋል። ፕሪካልኩለሱ ጠዋት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ እናቷ ወደ ሥራ ስትሄድ ታደርሳታለች። ማክሰኞ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው የትራንስፈር አድቫይዘር ጋር ቀጠሮ አላት፣ አብሬያት እሄዳለሁ። ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ ጨርሳለች።

አንባቢያችሁ
ከሜሪላንድ